ኮዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ

የቴሌግራም አካውንቴን የወሰደብኝ ሰው ምንም ነገር አልሰበረም። በማውቀው ልጅ ስም ገብቶ «ለውድድር ድምፅ ስጠኝ፣ የሚመጣልህን ቁጥር ላክልኝ» አለኝ፤ ላክሁለት። ወዲያው በእኔ ስም ከዘመድ ወዳጅ ብር መጠየቅ ጀመረ። አክስቴ ከደሴ ስምንት ሺህ ብር ላከችለት። ስለ ዲጂታል ደህንነት ጽፌ ተከፍሎኝ ያውቃል እኮ! የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ግን በራሴ ስልክ ላይ አላበራሁትም ነበር።

ሐረጎን አስወርዶ ኮምቦልቻ ያደረሰኝ ይህ እልህ ነው። እዚያ የማውቀው አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ አለ፤ ቀን ሞባይል ይጠግናል፣ ማታ ሴኩሪቲ ይለማመዳል። ቤቱ ሁለት አሮጌ ላፕቶፖች በኬብል ተያይዘዋል። አንዱ ላይ ካሊ ሊኑክስ፣ ሌላው ላይ ሜታስፕሎይተብል ተጭኗል፤ ይሄኛው ለመለማመጃ ተብሎ ሆን ተብሎ በቀዳዳ የተሞላ ሲስተም ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ እሱ ልምምዱን አላቆመም። ሁለቱ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ለመነጋገር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም።

ባልተመሰጠረ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል እንዳስገባ አደረገኝና ዋየርሻርክን ከፈተ። የጻፍኩት ቃል ፊደል በፊደል ተዘርግቶ አየሁት። «መግባቱ ቀላሉ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያደከመኝ፦ ማን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ከሎግ ላይ ማንበብ፣ ቀዳዳውን መድፈን፣ በእርግጥ መደፈኑን እንደገና መሞከር። ሁሉንም በደብተር ይጽፈዋል። እኔ ቀጣሪ ብሆን ከሰርተፊኬቱ በፊት ያንን ደብተር አይ ነበር።

መጋቢት 2016 ንግድ ባንክ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ስንቶቻችን «ሀክ ተደረገ» አልን? ባንኩ ግን የሳይበር ጥቃት አይደለም ነበር ያለው። ለውጥ ከመለቀቁ በፊት የሚፈትን ሰው ዋጋው የሚታየው እንዲህ ያለ ቀን ነው።

ልጁ አንድ ያስጨነቀው ነገር ነበር። የአንድ ተቋምን ድረ ገጽ ሲጠቀም አድራሻው ላይ የራሱን የፋይል ቁጥር አየ። አንድ አሃዝ ቢቀይር የሌላ ሰው ፋይል ሊከፈት እንደሚችል ጠረጠረ። አልሞከረም፣ ለማንም አልተናገረም። «እንዴት አወቅህ?» ቢሉትስ? አዋጅ 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል ያደርጋል፤ ልክም ነው። ግን የከተሞቻችን ተቋማት በጽሑፍ ፈቃድ ሰጥተው «ፈትሹን» ቢሉ ምን ይጎድልባቸዋል? እንዲህ ዓይነቱ ልጅ «የሥራ ልምድ» የሚባለውን ከየት ያምጣው?

ማምሻውን ደሴ ተመልሼ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ስልኳን ተቀብዬ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አበራሁላት።

«የይለፍ ቃሉን ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ለእኔም አትንገሪኝ» አልኳትና ፊቴን አዞርኩ። ስምንት ሺውን እስካሁን በየወሩ እየከፈልኳት ነው።