የጋብቻ መታሰቢያ ማዕድ በቦሌ

በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ዙሪያ ሲመሽ የምግብ ቤቱ መብራት እጅግ ይበዛል። የጋብቻቸውን መታሰቢያ ከቤት ወጥተው ሊያከብሩ የወደዱ ባልና ሚስት ከዚህ ሁሉ የትኛውን ይምረጡ?

ከቤቱ አስቀድሞ ቀኑን መመርመር ይገባል እንላለን፤ ትንሣኤ ከዓመት ዓመት ይዘዋወራልና። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ስለ ዋለ፣ በዳግም ትንሣኤ ሚያዝያ 15 ቀን የተጋቡ ሁሉ ዓመት ሲሞላቸው ዕለቱን በዐቢይ ጾም ውስጥ አገኙት፤ የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ነበርና። እንዲህ ሲሆን በክትፎው የተመሰገነ ቤት ምን ይረባል?

ስለዚህ ቀን ሳለ ሄዶ «የጾሙ ወጥ ድስት ከፍስኩ የተለየ ነውን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ዓሣ ከጾም ምግብ ተቈጥሮ ቢገኝም ጥያቄው ለአስተናጋጁ ሳይሆን ለንስሐ አባት ነው።

ዮድ አቢሲኒያ የየብሔረሰቡን ዘፈንና ጭፈራ ያሳያል። ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ቢኖረን ወደዚያ እንወስደው ነበር፤ ነገር ግን ባልና ሚስት የልባቸውን ለመጨዋወት ከበሮው አያመችም፣ ለጾም ወራትማ ጭራሽ አይስማማም። ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ዘለቅ ሲሉ በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ስካይላይት ሆቴል ይገኛል፤ የቻይና ምግብ ሳይቀር ያቀርባል። ዋጋውን ግን አስቀድሞ ማየት ይበጃል።

እኛ ብንጠየቅ ማዕዱን ወደ በዓለ ሃምሳ እናዛውረው ነበር፤ ያን ጊዜ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። የሠርግ ወራት ስለ ሆነ ግን ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ያሻል።