በውኃ ኮዳ የተቀመጠ ቤንዚን

አሮጌዋ ኮሮላችን ከሰኔ 2013 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ክረምት ከግቢያችን ሳትወጣ አሳለፈች። በዚያን ጊዜ መቀሌ ውስጥ ቤንዚን ቢገኝ እንኳ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም፤ ሰው በእግሩና በጋሪ ይሄድ ነበር። መኪናዋ ለልጅ ልጄ የጨዋታ ቤት ሆነችለት። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ ነዳጅ ቀስ በቀስ መገኘት ሲጀምር፣ እኔና ልጄ ልናስነሳት ተነሳን።

አዲስ ባትሪ ብንገጥምላትም እምቢ አለች። ለረጅም ጊዜ የቆመ ቤንዚን እንደ ሙጫ እየወፈረ ፊልትሮውን ይደፍናል። ፊልትሮ መቀየር ደግሞ ቀላል ሥራ ነው ብለን ጋራዥ ሳንሄድ ራሳችን ጀመርነው።

በቱቦው ውስጥ ግፊት እንዳይቀር የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጥተን ቁልፉን ደጋግመን አዞርን፤ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታን። ችግሩ የመጣው ቱቦውን ከፊልትሮው ጋር ያሰረው ዳዶ ላይ ነው። ዝገት በልቶታል። ልጄ በተራ ቁልፍ ሲታገለው የዳዶው ጠርዝ መላጥ ጀመረ፤ ይባስ ብሎ ቀጭኑ የብረት ቱቦ አብሮ ተጠማዘዘ። እሱ ቢሰበር ምትክ ከየት ይመጣል?

«አቦይ፣ በእሳት ብናሞቀውስ?» አለኝ።

«ቤንዚን አጠገብ እሳት? አብደሃል እንዴ!» ብዬ ጮኹበት። ስለ ጥንቃቄም ረጅም ትምህርት ሰጠሁት።

ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ነፍተንበት አሳደርነው። በማግስቱ ጎረቤታችን መካኒኩ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ፣ ለቱቦው ማሳለፊያ አፉ የተከፈተ ቁልፍ አዋሰን። «በሁለት ቁልፍ ሥሩ። አንዱ ፊልትሮውን አጥብቆ ይያዝ፣ ሌላው ዳዶውን ያዙር። መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁት፣ ከዚያ ፍቱት» አለን። እንዳለው አደረግን። ዳዶው «ጭር» ብሎ ለቀቀ፤ ቱቦውም ዳነ።

ከፊልትሮው የወረደውን ቤንዚን የምንቀበልበት ዕቃ አላዘጋጀንም ነበር። እኔ አጠገቤ ያገኘሁትን ባዶ ሃይላንድ አቀረብኩ። ከሞላም በኋላ ሳልከድነው ደረጃው ላይ አስቀምጬ አዲሱን ፊልትሮ ለመግጠም ጎንበስ አልኩ።

ቀና ስል የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ሃይላንዱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አፉ እያስጠጋው ነው። ያረጀው ቤንዚን ጠቁሮ ሻይ መስሏል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ከእጁ ስነጥቀው ቤንዚኑ ሸሚዙ ላይ ፈሰሰ፤ ልጁም ደንግጦ አለቀሰ። አልቀመሰውም። ልብሱን አውልቀን ገላውን በሳሙና አጠብነው። የእኔ እጅ ግን እስከ ማታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጄ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ትናንት ስለ ጥንቃቄ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

በእነዚያ የችግር ዓመታት ቤንዚን በሃይላንድ ሲሸጥ፣ በሃይላንድ ሲቀመጥ ማየት ለምደን ነበር። ለልጅ ግን ሃይላንድ ማለት ውኃ ነው። ወላጆችና አያቶች፣ ቤንዚንንም ሆነ ነጭ ጋዝን የመጠጥ ዕቃ ውስጥ አታድርጉ፤ በራሱ ዕቃ ከድናችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት። ክፉ ቀን መጥቶ ልጅ ቢጠጣ ደግሞ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ወተትም አትስጡ። ሲያስመልሰው ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ጉዳቱ ይብሳል። ደህና ቢመስልም ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

መኪናዋ በዚያው ሳምንት ተነሳች። የልጅ ልጄ ግን እስከ ዛሬ ውኃ ስሰጠው መጀመሪያ ያሸተዋል፤ ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ ይጠይቀኛል፦ «አቦሓጎ፣ ይሄ ውኃ ነው?»