አልሞ ተኳሽና የጠመንጃው ድርሻ

ጎጃም ውስጥ ስለ ደህና ተኳሽ ሲወራ ምስጋናው ሁሉ ለዓይኑና ለልቡ ነው። ጠመንጃው ቢነሳም በስሙ ብቻ ይነሳል፤ ምንሽር፣ ናስማሰር፣ ውጅግራ እየተባለ። እኔ ግን አልሞ ተኳሽ የሚባለው ሰው ግማሽ ሙያው ምላጩን ከመሳቡ በፊት ያለቀ ይመስለኛል። ብሎኑን ያጠበቀ፣ አፈሙዙን የጠበቀ፣ ጥይቱን የመረጠ ሰው ነው። ቀረርቶው ይህን አያነሳም፤ ብሎን ማጥበቅ ለፉከራ አይመችማ!

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነኝ ብዙ ያልተዘፈነለት ማርቲኒ ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጣሊያንን የሚወጉትን አርበኞች ለመርዳት ትንሽ ቡድኑን ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ተሻገረ። በዚያ ዘመን እንግሊዞች ለአርበኞች ካደሏቸው መሣሪያዎች መካከል ይኸው አሮጌ ነጠላ ጎራሽ ነበረበት። ከጣሊያን ስድስት ጎራሽ የማረከ አርበኛ እንዲህ ያለ ስጦታ ሲሰጠው ፊቱን ቢያጠቁር አይፈረድበትም።

ማርቲኒ ሄንሪን የእንግሊዝ ጦር የተቀበለው በ1871 እ.ኤ.አ. ነው። ከምላጩ ሥር ያለው ረጅም እጀታ ወደ ታች ሲገፋ የመዝጊያው ብረት ዝቅ ይልና ቀለሁ ተስፈንጥሮ ይወጣል። አንድ ጥይት ያጎርሱታል፤ እጀታው ሲመለስ ይዘጋል። የአሜሪካው ዊንቸስተርም በእጀታ ነው የሚሠራው። ልዩነቱ ከአፈሙዙ በታች በተጋደመ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ብዙ ጥይት መደርደሩ ነው። ሁለቱን ያነሳሁት ዒላማ የሚያስቱበት ምክንያት ስለሚቀራረብ ነው።

አንደኛው ምክንያት እንጨቱ ነው። እንደ ማውዘር ያለ ጠመንጃ ከሰደፍ እስከ ፊት አንድ ወጥ እንጨት አለው፤ የእነዚህ ግን ሰደፉ ለብቻው፣ የፊቱ እንጨትም ለብቻው ነው። የማርቲኒን ሰደፍ ከብረቱ ጋር አጥብቆ የያዘው አንድ ረጅም ብሎን ነው። በጎጃም ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ እንጨት በበጋ ይኮማተራል፤ ያኔ ብሎኑ ይላላል። የላላ ሰደፍ በእያንዳንዱ ተኩስ የተለየ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ጥይቱም እንዲሁ። ሰውየው ግን "እጄ ዛሬ ከዳኝ" ይላል።

ሁለተኛው የፊቱ ማሰሪያ ነው። የማንገቻው ቀለበት የተንጠለጠለው አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር በሚያስረው ብረት ላይ ስለሆነ፣ ማንገቻውን አጥብቆ የሚስብ ተኳሽ ሳያውቀው አፈሙዙን ይስባል። አፈሙዙን ድንጋይ ላይ ማስደገፍም እንዲሁ ነው፤ ባሩዱ ሲፈነዳ ብረቱ ይንቀጠቀጣልና ደረቅ ነገር ከነካ ጥይቱ ከዚያ ይሸሻል። መደገፍ ያለበት እንጨቱ ነው፤ ያውም በእጅ ወይም በተጠቀለለ ጋቢ ላይ። የዊንቸስተር ባለቤቶችም ዋና ራስ ምታታቸው ይኸው ነው፤ የጥይት ቱቦውና ማሰሪያዎቹ አፈሙዙን ከተጫኑት፣ ብረቱ ሲግል ዒላማው ቦታ ይቀይራል።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። በነዚህ ጠመንጃዎች መወልወያውን ከኋላ ቀጥ አድርጎ ማስገባት አይቻልም፤ መዝጊያው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት ይወለወላሉ። አሸዋ የያዘ ጨርቅና የብረት ዘንግ ለዓመታት በአፈሙዙ ጫፍ ሲመላለስ የጫፉን ክብ ይበላዋል። ጥይት ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያን ጫፍ ነው፤ በአንድ ጎን ከተበላ ጋዙ ወደዚያ ቀድሞ ያመልጥና ጥይቱን ይገፋዋል። ጠመንጃውን አብዝቶ የሚወለውል ጨዋ ሰው ጠመንጃውን ያበላሸው በጨዋነቱ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ዘንጉን መሐል ለመሐል መያዝና ጫፉን እንዳይታከክ መጠበቅ ነበር።

ስለ ጥይቱም ላንሳ። ባለፈው ክፍለ ዘመን መባቻ የውጅግራ ጥይት በገበያችን ከማርያ ቴሬዛ ብርና ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ መመንዘሪያ ገንዘብ ያገለግል ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንድ ጥይት በርበሬና ቅቤ እየተገዛበት፣ በፀሐይና በዝናብ ለዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ባሩዱ ምን ይሆናል? በአንድ ዝናር ውስጥ ያሉት ጥይቶች አንድ ዓይነት ጉልበት አይኖራቸውም፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይመታል። ጥይት የሚመርጥ ሰው ጉረኛ የሚመስላቸው ነበሩ ይሆናል፤ እኔ ግን ትክክለኛው ተኳሽ እሱ ነበር እላለሁ።

የአገሩ አቀማመጥም ድርሻ አለው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የማርቲኒ እርሳስ 31 ግራም የሚመዝን ከባድና ዘገምተኛ ስለሆነ በሩቁ ልዩነቱ ይታይበታል። ከአየሩ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ቁልቁለቱ ነው። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሆኖ በ45 ዲግሪ ቁልቁል የሚያይ ሰው 300 ሜትር ቢገምት፣ ለጥይቱ አወራረድ የሚቆጠረው አግድሙ 210 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሜዳው ልክ ካለመ ከፍ አድርጎ ይስታል። ይህን ያለ ትምህርት ቤት ያወቀ የቆላ ሰው ካለ፣ አድናቆቴ ለእሱ ነው።

ምላጩን ልተወው ነበር፤ ግን አንድ ቃል ብቻ። የማርቲኒ ምላጭ ይከብዳል፤ ይህን ለማቅለል ውስጡን በሞረድ የሚነካ ሰው ሳይነካ የሚተኩስ ጠመንጃ ይዞ ይቀራል። ቢከብድም ቀስ ብሎ መሳብን መልመድ ይሻላል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ከአያት የቀረ እጀታ ያለው ጠመንጃ ካለ አትተኩሱበት። ማርቲኒ ሄንሪ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ባሩድ የተሞላበት ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል። መሣሪያ መያዝም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ ነው። ይልቅ የብረቱን ቀኝ ጎን ጠረግ አድርጋችሁ እዩ፤ ዘውድ፣ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ታትሞ ይገኛል። ፎቶ አንሱት፤ ከማን እጅ እንደመጣ ከቤተሰቡ ጠይቃችሁ ከሥሩ ጻፉበት።