ለሐኪሟ ልጄ፤ ከትውልድ ቆጠራችን ጋር የተላከ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከጎንደር ተመርቀሽ፣ ላሊበላን ሳትረግጪ በቀጥታ ወደ ዋግ ልትሄጂ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ሳልመርቅሽ መሄድሽ ግን ከነከነኝ። ስለዚህ ምርቃቴንም ምክሬንም በዚህ ወረቀት ልኬዋለሁ። አብሮ የተጠቀለለው ደብተር የቤታችን የትውልድ ቆጠራ ነው። አያትሽ የጻፉትን በራሴ እጅ ገልብጬዋለሁ።

አገሩ ስትደርሺ ከዲግሪሽ በፊት «የማን ልጅ ነሽ?» ይሉሻል። ቅር አይበልሽ፣ በደንብ አስረጂያቸው። ላስታና ዋግ ትውልድ የሚቆጠርበት አገር ነው። ዋግ ሹሞች ሐረጋቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይመዝዙ ነበር። ገበሬውም ቢሆን አጽመ ርስቱን የሚካፈለው በአባቱም በእናቱም ወገን ቆጥሮ ነበር፤ በሙግት ላይ አንድ አያት የዘነጋ መሬቱን ይነጠቅ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ቆጠራው ትልቁን ሥራውን አጣ፤ ሽማግሎችም ልጆቻቸውን ማስጠናቱን እየተዉት መጡ። ለጋብቻ ሰባት ቤት መቁጠሩ ብቻ ቀረ።

እኛ ቤት ቆጠራው ያልጠፋው በአያትሽ ምክንያት ነው። በጃንሆይ ጊዜ ድሬሰር ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በከተማችን ሌላ ሐኪም ስላልነበረ ሰዉ ሁሉ «ሐኪም» ይላቸው ነበር። የብርጭቆ መርፌያቸውን በላምባ ምድጃ ላይ እየቀቀሉ፣ ውኃው እስኪፈላ ድረስ በሽተኛውን «አባትህ ማን ነው? አያትህስ? እንዲህ ያለ ሕመም በቤታችሁ ማን ነበረው?» እያሉ ይጠይቁታል፣ ይጽፋሉ። የሚጥል በሽታ በየትኛው ቤት እንደሚደጋገም ከደብተራቸው ያውቁ ነበር። በመጨረሻም የራሳቸውን ቤት በዚያው ደብተር ጻፉ።

ቅድመ አያትሽ ወጌሻ ነበሩ። የተሰበረ ክንድ ካሰሩ በኋላ ማታ ተመልሰው የልጁን ጥፍር ጫን ያደርጉታል፤ ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ ማሰሪያውን ያላሉታል። አንቺ ይህን በትምህርት ቤት ነው ያወቅሽው። ዋግ ስትገቢ ክንዱ ከመጠን በላይ ጠብቆ ታስሮ፣ ጣቱ የጠቆረ ልጅ ይመጣልሻል። ትናደጂያለሽ፣ ልክም ነሽ። ሆኖም ወጌሻውን በሰው ፊት አትዝለፊው። ለብቻው ጠርተሽ ጥፍር መጫኑን አሳዪው፤ ከተዋረደ የሚቀጥለውን ልጅ ይደብቅብሻል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በደብተሩ ሦስተኛ ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የሴት ስም ታገኛለሽ። የቅድመ አያትሽ እኅት ናት። ቁምጥና ስለያዛት ከቤት ወጥታ ብቻዋን ኖረች፣ ብቻዋን ሞተች። ቆጣሪዎቹም ዘለሏት፤ «ዘራቸው ቁምጥና አለበት» ከተባለ የቤቱን ሴት ልጆች የሚያገባ አይገኝም ነበርና። የሰው ስብራት የሚጠግኑት ወንድሟ እንኳ ስሟን አንስተው አያውቁም። አያትሽ በሥልጠና ላይ በሽታው በተህዋሲ የሚመጣ እንጂ ከዘር የሚወረስ እንዳልሆነ ሲማሩ፣ የብራና ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም በሚጽፉበት ቀለም መልሰው አስገቧት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲያገኙ ቤተሰቡን አሳምነው ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይልኩ ነበር።

ሐንሰን የተባለው ሐኪም የቁምጥናን ተህዋሲ ያገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ወሬው የእኛ ጎጆ እስኪደርስ ስንት ሰው ከቆጠራ ተፋቀ! ዛሬም አልቀረም። እግሩ በዝሆኔ ያበጠ ሰው «የዘር ነው» ተብሎ ይሸሸጋል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣው ዓይነት በአንዳንድ ቤት መብዛቱ እውነት ነው፤ ግን የዚያ ቤት ልጆች ከሕፃንነታቸው ጫማ ካደረጉና እግራቸውን ከታጠቡ አይዛቸውም። እንግዲህ ዘር የምትጠይቂው ለዚህ ነው፤ አንዱ ታሞ ሲመጣ ገና ያልታመሙት ወንድሞቹ እንዲተርፉ።

ዛሬ ዘር መጠየቅ ሰው የሚያስደነግጥበት ጊዜ ነውና ለምን እንደምትጠይቂ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። የጻፍሽውን ደግሞ ቆልፊበት። በትንሽ ከተማ ካርድ የሚያወጣው ልጅ የበሽተኛው አክስት ልጅ ነው፤ ጠዋት የተጻፈ ከሰዓት በኋላ ገበያ ይወጣል፣ የታጨች ልጅም ትቀራለች። በዘመድነት የሚቀርብሽም ይኖራል። አክብሪው፣ ቡናውን ጠጪለት፤ ወረፋ ግን አታስቀድሚው።

ዘሩ ስለጠፋበት ሰው ሳስብ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነገር ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። የእንግሊዝ ጦር በእኛው ላስታ አድርጎ መቅደላን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሲይዝ የሦስት ዓመት ያህል ሕፃን ነበሩ። በግርግሩ ከወላጆቻቸው ተለይተው፣ አንድ መኮንን ወደ ህንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ ላሆር ሕክምና ተምረው በርማ ሠሩ። በ1890ዎቹ መባቻ አዲስ አበባ መጥተው ብዙ በሽተኛ ሲያክሙ፣ «የማን ልጅ ነህ?» ቢባሉ የሚመልሱት አልነበራቸውም። ወሬው ተሰምቶ አያታቸው መጡና በገላቸው ላይ ባለው የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም ዘር የተገኘው፣ አንዲት አሮጊት ገላቸውን እንደ ሐኪም መርምረው ነው! አንቺ ዘንድም ወገኑን ያጣ፣ በጦርነትና በችግር የተለየ ሰው ይመጣል። «ዘመድ የለኝም» ካለሽ ቸኩለሽ ባዶ መስመር አትተዪበት፤ ያሳደገውን፣ ያስታመመውን ጠይቂና ጻፊ።

በደብተሩ ላይ፣ በእናትሽ ወገን አራተኛው ቤት፣ ለአንዲት ሴት ክፍት ቦታ ትቻለሁ። የልምድ አዋላጅ እንደነበረች እንጂ ስሟን የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሰቆጣ ያሉት አክስትሽ ያውቃሉ ይባላል፤ ዕድሜያቸው ገፍቷልና ሳትውዪ ሳታድሪ ሄደሽ ጠይቂያቸው። የአገሩ ብርድ ከባድ ነው፣ ጋቢው ከደብተሩ ጋር ተጠቅሏል።

እጅሽን ይባርከው፤ ቅዱስ ላሊበላ ከፊትሽ ይቅደም።

አባትሽ