ከዴንቨር እስከ ተራራው ዋሻ፤ ሞተሯ በተለወጠ አሮጌ ቮልስዋገን

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ጣርማ በርን በተጫነ መኪና ወጥተው የሚያውቁ ከሆነ ሞተር በዳገት ላይ እንዴት እንደሚደክም ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ያለው ዳገትም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ዴንቨርና አውሮራ ከባሕር ወለል በላይ 1600 ሜትር ግድም ላይ የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚወጣው 70ኛው አውራ ጎዳና ግን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱበት 3400 ሜትር ላይ ካለው ከአይዘንሃወር ዋሻ ያደርስዎታል። እንግዲህ በዚህ መንገድ ከእኛ ጋር ይሳፈሩ።

መኪናችን በ1987 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ አሜሪካኖች ቫናገን የሚሏት የቮልስዋገን ኮምቢ ናት። ጣሪያዋ ወደ ላይ ሲከፈት ሁለት ሰው ያስተኛል፤ የኋላው ወንበር ሲዘረጋ ሌላ አልጋ ይሆናል፤ ምድጃ፣ ትንሽ ማቀዝቀዣና የዕቃ ማጠቢያም አላት። ቤት ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ይህን ሁሉ ቤት የሚገፋው ሞተር ነው። ሰውና ጓዝ ሲጫንባት ክብደቷ ከ2000 ኪሎ ያልፋል፤ ከፋብሪካ የወጣችበት 2.1 ሊትር ሞተር ግን 95 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ያጣል። ስለዚህ ከዋሻው አፍ ሲደርስ ሲሶው ጠፍቷል ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር የቴስታታው ጓርኒሲዮን ውሃ በማፍሰስም የታወቀ ነው።

ለዚህም ብዙ ባለቤቶች ያገኙት መድኃኒት የጃፓኑ ሱባሩ ሆነ። የሱባሩ 2.2 ሊትር ሞተር እንደ ቮልስዋገኑ አራት ሲሊንደሮቹን ግራና ቀኝ አስተኝቶ የሚሠራ ስለሆነ ከመኪናዋ ጀርባ በቦታው ይገባል። ጉልበቱም 130 ግድም ነው። በቀላሉ ይገባል ማለቴ ግን አይደለም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኝ ልዩ ብረት ይታሰርለታል፤ ከሥሩ ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ ድንጋይ እንዳይመታው ያጥራል፤ የሽቦው ነገርማ ለብቻው ታሪክ ነው። እኛ የገዛናት ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነበር።

የቮልስዋገን ወዳጆች «ነፍሷን አወጣችኋት» ይላሉ። እኔ ግን የዚህች መኪና ነፍስ በሰፊው መስኮቷና ከፍ ብሎ በተሠራው ወንበሯ ላይ ያለ ይመስለኛል።

አሁን በአይዳሆ ስፕሪንግስ አልፈን ወደ ጆርጅታውን እየወጣን ነው። የድሮው ሞተር ቢሆን በቀኝ ጠርዝ ከጭነት መኪኖች ኋላ እንጎተት ነበር፤ ዛሬ በሦስተኛ ማርሽ እናልፋቸዋለን። ዐይኔ ግን ከሙቀት መለኪያው አይለይም። ምክንያቱም ሞተሩ ከኋላ፣ ራዲያተሩ ከፊት ስለሆነ 16 ሊትር ያህል ውሃ ከወለሉ ሥር በረጃጅም ቱቦዎች ይመላለሳል፤ በመካከሉ አየር ከገባ ዑደቱ ይታወካል። አየሩን ለማውጣት የመኪናዋን አፍንጫ በክሪክ ከፍ አድርጎ በትዕግሥት መሙላት ያስፈልጋል።

ባለፈው ሰኔ በዚሁ ዳገት ላይ መርፌው ባንድ ጊዜ ወደ ቀዩ ተነሣ። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል፤ ውጪው ይበርዳል። ዳር ይዘን ቆምን። በአቅራቢያው የተገኘ መካኒክ የኋላውን ክዳን ከፍቶ ጥቂት ከተመለከተ በኋላ «ይህ የየትኛው መኪና ሞተር ነው?» አለና ክዳኑን መልሶ ዘጋው። ሞተሯ የተለወጠ መኪና ዋናው ፈተናዋ ይህ ነው፤ የቮልስዋገኑ ባለሙያ ሱባሩውን አያውቅም፣ የሱባሩውም ቮልስዋገኑን። ነገሩ የላላ የቱቦ ፋሼታ ሆኖ ተገኘና ባለቤቴ ባትሪ እያበራችልኝ እኔው አጠበቅሁት። ከዚያ ወዲህ የትኛው ዕቃ ከየትኛው መኪና እንደ መጣ የሚናገር ደብተር ከመሪው አጠገብ እናኖራለን። አንድ ማጽናኛ አለ፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት እነዚህ ሞተሮች ቺንጋቸው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስቶን አይጋጩም። ቺንጋውን በየ95000 ኪሎ ሜትር ግድም መለወጥ ግን አይቀርም።

ዋሻው 2.7 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። የምንገባበት ወገን የተከፈተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ከወዲያ ማዶ ሲወጡ ቁልቁለቱ በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ይወርዳል፤ ፍሬን ለከዳቸው ከባድ መኪኖች ማምለጫ የተሠራውም እዚህ ነው። አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ሞተሩ ቢጠነክርም ፍሬኑ ያው የድሮው ነው። እኔ በወረደ ማርሽ፣ መኪኖች ከኋላዬ ጥሩምባ ቢነፉም፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።

ታች በዲለን ሐይቅ ዳር ጣሪያውን ከፍተን ቡና እናፈላለን። ከፍታው 2700 ሜትር ስለሚያልፍ ውሃው 91 ዲግሪ ላይ ሳይደርስ አይፈላም፤ ከዚያ በላይም አይግልም። ልጆቹ ላይኛውን አልጋ ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ነገ ጧት ሞተሩ ሳይሞቅ የውሃውን ልክ እናያለን፤ የዴንቨር መንገድ እንደገና በዳገት ይጀምራል።