የአጎቴ ድምፅ እና የ332 ሰዎች ዕጣ

ወዳጆቼ፣ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ አንብቡት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ «ቲቸር ዛሬም ኖት ያጽፋል» እንዳትሉኝ አደራ።

ብዙዎቻችሁ አጎቴን ታውቋቸዋላችሁ። ሆሳዕና ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ለቅሶ ቤትም ሆነ ሽምግልና ላይ «እሳቸው ይናገሩ» የሚባሉ ሰው ናቸው። ማይክ የሚባል ነገር አይፈልጉም ነበር። አምና ድምፃቸው ሻከረ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለና ዝንጅብል በማር ተጠጣ። አንድ ክሊኒክ ቶንሲል ነው ብሎ መርፌ ወጋቸው፣ ሌላው ጨጓራ ነው ብሎ እንክብል ሰጣቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር ሞላ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው አዲስ አበባ ይዘናቸው የሄድነው።

የአንገት በላይ ሐኪሙ ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ አስገብቶ አየ። ናሙና ተወሰደ፣ ሲቲ ስካን ተነሡ። የማንቁርት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ከማንቁርቱም አልፎ ልም አጥንቱን በልቶ ወጥቷል።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ማንቁርት አንገታችን ላይ እንደ ጉብታ የሚታየው፣ በወንዶች ጎላ የሚለው ነው። ውስጡ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ሲንቀጠቀጡ ነው ድምፅ የሚወጣው። አውታሩ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል እብጠት እንኳን ብትወጣ ድምፅ ይቀየራል። ስለዚህ እዚያ ላይ የሚነሣ ካንሰር ከብዙዎቹ ካንሰሮች በተለየ ገና ትንሽ ሳለ ራሱን ያሳብቃል። በዚህ ደረጃ ከተደረሰበት በጨረር ብቻ ወይም በአፍ በኩል በሚሠራ ትንሽ ቀዶ ሕክምና አብዛኛው ሰው ይድናል፣ ድምፁም አይጠፋም። ከሦስት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መሻከር፣ በተለይ ሲጋራ ወይም ጋያ ያጨሰ፣ አረቄም የሚያዘወትር ሰው ላይ ከሆነ፣ ዝንጅብል ሳይሆን የአንገት በላይ ሐኪም ነው የሚፈልገው። ትምባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ይበረታል። (አዋጅ 1112/2011 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤት ውስጥ ማጨስ ከልክሏል። እስኪ አንድ ማታ ከተማችን ውስጥ ዞር ዞር በሉና ስንቱ እንደሚያከብረው እዩ።)

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ከኔም ያንሳል። «አባቴ፣ ማንቁርቱ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገትዎ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ ነው» አላቸው። አጎቴ ዝም አሉ። ቆይተው በዚያች በሻከረች ድምፅ «ልጄ፣ ድምፄን ሳትወስዱብኝ የሚሆን ነገር የለም?» አሉት።

አለ። ያ ነገር ከየት እንደመጣ ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት፤ ምክንያቱም ያን ቀን ማታ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ከዘመዶቻችን አንዱ «ምርምር ምናምን ካሏችሁ ሽሹ፣ እንደ አይጥ ሊሞክሩባችሁ ነው» ሲል ሰምቻለሁና።

ማንቁርትን ሙሉ በሙሉ ማውጣት የቆየ ሕክምና ነው። ቢልሮት የሚባለው የቪየና ሐኪም በካንሰር ምክንያት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 1873 ነው፤ እኛ ዘንድ አፄ ዮሐንስ በነገሡ ማግስት ማለት ነው። በሽተኛው የ36 ዓመት የሃይማኖት መምህር ነበር። በኔ ዕድሜ ያለ፣ በድምፁ እንጀራ የሚበላ ሰው መሆኑን ሳነብ ደንግጫለሁ። ሰው ሠራሽ ማንቁርት ተበጅቶለት መናገር ችሎ ነበር፤ በወራት ውስጥ ግን ካንሰሩ ተመልሶ ገደለው። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ካንሰሩ ለገፋበት ሰው ዋናው መንገድ ያው ማውጣት ሆኖ ቆየ። «ሳናወጣው በኬሞና በጨረር ብናክመው ሰውየው ቶሎ ይሞት ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ በግምት ካልሆነ በቀር መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

የመለሱት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። በወታደሮቹ ሆስፒታሎች የሚታከሙ 332 በሽተኞች በጥናቱ ለመግባት ተስማሙና በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ልክ እንደ ዕቁብ ዕጣ ነው፤ ሐኪሙም በሽተኛውም አይመርጡም። ሐኪም ከመረጠ ጠንካራውን ወደ አንዱ፣ ደካማውን ወደ ሌላው ያደርግና ውጤቱ ይበላሻል። ግማሾቹ ማንቁርታቸው ወጥቶ ጨረር ወሰዱ። ሌሎቹ መጀመሪያ ኬሞ ወሰዱ፤ ከሁለት ዙር በኋላ እብጠቱ በደንብ ያነሰለት በኬሞው ቀጥሎ ወደ ጨረር፣ ያላነሰለት ወደ ቀዶ ሕክምና ሄደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን በሕይወት ያሉት 68 በመቶ ነበሩ፣ እኩል። በኬሞው ወገን ደግሞ 64 በመቶው ማንቁርታቸው ሳይወጣ ቀረ።

በ2003 የታተመው ሁለተኛው ትልቅ ጥናት ኬሞውን ከጨረሩ ጋር በአንድ ጊዜ መስጠት የተሻለ መሆኑን አሳየ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 88 በመቶው ማንቁርታቸው አልወጣም። ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም። የእነዚሁ ሰዎች የአሥር ዓመት ውጤት በ2013 ሲወጣ፣ ኬሞና ጨረር በአንድ ላይ ከወሰዱት መካከል ከካንሰሩ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት የሞቱት በዛ ብለው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ ይህንንም ሳይደብቁ ጻፉት። እኔን ያሳመነኝ እንዲያውም ይሄ ነው። ሊያታልል የፈለገ ሰው 88ቱን አውርቶ ዝም ይላል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ሐኪሙ ይህን ሁሉ በቀላል አማርኛ አስረዳቸው። እሳቸውም እንደ ሒሳብ መምህር አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «እንደኔ ልም አጥንቱን ከበላባቸው ውስጥስ?»

በመጀመሪያው ጥናት ካንሰሩ የእሳቸው ደረጃ ላይ ከደረሰባቸውና በኬሞ ከጀመሩት መካከል 56 በመቶው በኋላ ማንቁርታቸው መውጣቱ አልቀረም። ሁለተኛው ጥናት እንደ እሳቸው በጣም የሰፋውን ከመጀመሪያውም አላስገባም። አጎቴ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው አሁኑኑ ውሰዱት» አሉ። ጆሃንስበርግ ያለው ልጃቸው በስልክ አለቀሰ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት ግን ስልክ ያላቸውን ዘመዶች በሙሉ እየደወሉ አነጋገሩ፣ አብዛኛውን በሀዲይኛ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ጨረር መጣ። ለረጅም ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ጅማን የመሰሉ ቦታዎች ተጨምረዋል። ጨረር አንድ ቀን ሄደው የሚጨርሱት ነገር አይደለም፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ስድስትና ሰባት ሳምንት ነው። ከሆሳዕና አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መመላለስ አይታሰብም፤ ዘመድ ቤት ማደር ግድ ነው። ዘመድ የሌለው ምን ያደርጋል? በጭንቅላትና አንገት ካንሰር ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በሕክምናው መሃል አንድ ቀን በተቋረጠ ቁጥር ካንሰሩን የመቆጣጠር ዕድል በ1 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ይወርዳል። የአሜሪካው 88 በመቶ የተገኘው ማሽኑ በየቀኑ በሚሠራበት፣ በሽተኛው ከቤቱ እየተመላለሰ በሚታከምበት አገር ነው። ያንን ቁጥር እንዳለ ገልብጠን ለዱራሜ ወይም ለሾኔ ገበሬ ልንሰጠው አንችልም። ለዚህ ነው እኛም ዘንድ ጥናት መሠራት አለበት የምለው፣ በኛ ሰው፣ በኛ መንገድና በኛ ወረፋ። ያ ዘመዳችን «ሽሹ» ያለው ነገር በትክክል የጎደለን ነገር ነው። በሥርዓቱ የሚሠራ ጥናት ላይ ሰው ተነግሮት፣ ገብቶት፣ ፈርሞ ነው የሚገባው፤ በፈለገው ቀንም ይወጣል።

አሁን አጎቴ ደህና ናቸው። አንገታቸው ላይ ባለችው ቀዳዳ ይተነፍሳሉ፤ አቧራ እንዳይገባ ነጭ ስስ ጨርቅ ያስሩባታል። መጀመሪያ ደብተር ይዘው ይጽፉ ነበር (የእጅ ጽሑፋቸው አሁንም የሰሌዳ ነው)። በኋላ ልጃቸው ከጆሃንስበርግ አንገት ላይ ተደግፎ የሚንዘረዘር መሣሪያ ላከላቸው። ድምፁ የሮቦት ነው። የልጅ ልጆቻቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ አሁን እነሱም ጉሮሯቸው ላይ እርሳስ ደግፈው እንደ አያታቸው ያወራሉ። ባለፈው ወር አንድ የድንበር ክርክር ሽምግልና ላይ ተጠርተው ሄዱ፤ ሰዉ ለመስማት ጠጋ ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

ችግሩ የመሣሪያው ቻርጀር ተበላሽቷል። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ለያሆዴ ወደ አገር ቤት የምትመጡ ወይም የሚመጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ የመሣሪያውን ፎቶ እልክላችኋለሁ።