ዳዊታችንን አትንኩብን

እስቲ ዛሬ ስለ ላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ እንጫወት። ኦያ በምትባል ከተማ (የዛሬዋ ትሪፖሊ ናት፣ ሊቢያ) አንድ ጳጳስ ትንቢተ ዮናስን ከአዲስ ትርጉም ቢያስነብብ ቤተ ክርስቲያኑ ታመሰ። ምን ተገኘ? ዮናስን ከፀሐይ ያስጠለለው ቅል ቀርቶ ሌላ ሐረግ ሆኖ! ምእመናኑ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቅል ሲባል ነው የሰሙት። ጳጳሱ ያለ ሕዝብ እንዳይቀር ቃሉን ወደ ጥንቱ መለሰ። ይህን እ.ኤ.አ. በ403 ገደማ የጻፈው አውግስጢኖስ ነው፤ የጻፈውም ለራሱ ለተርጓሚው ለሄሮኒሞስ ነው፣ ነገር ሊያበርድ ይሁን ሊያባብስ እንጃ።

ሄሮኒሞስ ሥራውን የጀመረው በ382 ሊቀ ጳጳስ ዳማሱስ የወንጌሉን ላቲን አስተካክል ቢለው ነው። የጥንቱ ላቲን ያኔ እንደየቅጂው ይለያይ ነበር። ኋላ ቤተልሔም ገብቶ ብሉይን ከዕብራይስጥ መለሰ። ኦያ የተቃወመችው ይህ አዲስ ሥራ ከብዙ ዘመን በኋላ ቩልጋታ ተብሎ እሱም በተራው የማይነካ ሆነ።

ለእኔ ጣፋጩ ግን የዳዊቱ ታሪክ ነው። ሄሮኒሞስ መዝሙሩን ከአንድ ጊዜ በላይ ደክሞበታል፤ አንዱን በግሪኩ አቃናው፣ ሌላውን ከዕብራይስጡ በቀጥታ መለሰው። ለሊቅ ሁለተኛው ይሻላል። መነኮሳቱ ግን ሌት ተቀን የሚያዜሙት የመጀመሪያውን ሆነና በቩልጋታ የጸናው እሱ ነው። (የእኛም የግዕዙ ዳዊት ከግሪክ የመጣ ነውና ቁጥሩ ከዚህ ላቲን ጋር ይገጥማል፤ እግዚአብሔርን እረኛዬ የሚለው መዝሙር በሁለቱም 22ኛ ነው።)

በ1945 ደግሞ ሊቀ ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ አዲስ የላቲን ዳዊት አወጡ። ያዘጋጁት ጀርመናዊው አውጉስቲን ቤያና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከዕብራይስጥ የተመለሰ፣ ሰዋስው የጠራ፣ ሮማዊው የንግግር ሊቅ ሲሴሮ ቢያየው የማያፍርበት። ቁጭ ብለው ሲያነቡት ግልጽ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ችግሩ ዳዊት በዜማ የሚደገም መሆኑ ነው፤ ለጥንቱ ቃል የተሰፋ ዜማ አዲሱን ቃል አልያዝ አለ። በየገዳሙ ማጉረምረም ሆነ። በ17ኛው መቶ ዘመንም ሊቀ ጳጳስ ዑርባን 8ኛ የጥንቶቹን የቤተ ክርስቲያን ዝማሬዎች በጥሩ ላቲን ላሳምር ብለው፣ ላቲኑ ሲገባ መንፈሳዊነቱ ወጣ ተብሎ ተተርቶባቸው ነበር። እኔ ከመነኮሳቱ ጋር ነኝ፤ በአፍ የኖረን ቃል ሰዋስው ብቻውን አይሽረውም።

ሊቀ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ቩልጋታን እንዲያርም በ1965 ያቋቋሙት ኮሚሽን ከዚህ የተማረ ይመስላል። ሥራው በ1979 ኖቫ ቩልጋታ ተብሎ በዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሲታወጅ፣ ዳዊቱ የቤያን ሳይሆን የጥንቱን ቃል እያቃና የሚሄድ ነበር። ግን የሄሮኒሞስም ሥራ በሁሉም ቦታ አልጸናም። መጽሐፈ ጦቢትን በአንድ ቀን ሥራ እንደጨረሰው ራሱ ጽፎ አስቀምጧል። የ1979ኙ ሊቃውንት ይህን ችኮላ አልወደዱለትም፤ ጦቢትን የወሰዱት እሱ ሊተካው ከደከመለት ከዚያው ከጥንቱ ላቲን ነው።